ክፈተው

የእንቁጣጣሽ ሌሊት ነው፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፤ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከሩቅ የምንቆጣጠርበት ማዕከል ውስጥ ተረኛ ነኝ። ፋብሪካው ሁሉ ዝግ፣ ሎድ የለም፣ ኃይል የሚወስድ ጠፍቷል። ሎድ ሲጠፋ ደግሞ ያ ረጅም 400 ኪሎ ቮልት መስመር ራሱ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) ይሆንና ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ቮልቴጅ የሚያወርደው ሪአክተር ጥገና ላይ ነበር። 418 ኪሎ ቮልት የነበረው 421 ሲገባ ጋሼ፣ የሺፍት ኃላፊያችን፣ ከወንበሩ ሳይነሳ "ከሁለቱ ትይዩ መስመሮች አንዱን አውጣው" አለኝ።

ያኔ አንድ አመል ነበረኝ። ነባሮቹ ብሬከሩን፣ ያንን የመስመር ማብሪያ ማጥፊያ፣ "ኦፕን"፣ "ክሎዝ" ሲሉ ያናድደኛል። ቋንቋ አጣን እንዴ? ስብሰባ ላይ ሳይቀር አንስቼው አንድ አለቃ አጨብጭቦልኛል፤ እሱ ስልክ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከስክሪኑ ትዕዛዙ እምቢ ሲለኝ መስመሩ ያለበት ሰብስቴሽን (ማከፋፈያ ጣቢያ) ላለው ኦፕሬተር ደወልኩና በጠራ አማርኛ፦

"ሁለተኛውን መስመር ክፈተው።"

"ክፍት ነው።"

"አልተከፈተም! 60 ሜጋ ዋት እየሄደበት ነው።"

"እኮ! ክፍት ባይሆን በምን ይሄዳል?"

መልስ አጣሁ። 423።

"ወንድሜ፣ ክፈተው ነው የምልህ!"

"እኔስ ምን እያልኩህ ነው?"

ልጁ ምን አጠፋ? ቧንቧ ስትከፍት ውሃ ይመጣል፣ ቲቪ ስትከፍት ይበራል። ብሬከር ስትከፍት ብቻ ነው የሚቋረጠው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ስንማር ይሄ ለማን ትዝ ይለዋል።

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። "ብሬከሩን ኦፕን።" "ኦፕን፣ እሺ ጋሼ።" አለቀ። 60ው ሜጋ ዋት ማንም ሳያዘው ወደ አንደኛው መስመር ዞረ፣ ቮልቴጁም ወደ 412 ወረደ። ጋሼ ስልኩን አስቀመጠና "አንተ፣ ቧንቧ ቤት ነው እንዴ የተቀጠርከው?" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፣ ሻዩን ቀጠለ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ፍሰትን ከመስመር ወደ መስመር ስለሚገፋ ፌዝ ሺፍቲንግ ትራንስፎርመር ነበር፣ ሰማንያ ገጽ። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የዲሲ (ቀጥታ ጅረት) መስመር ላይማ የምትፈልገውን ሜጋ ዋት ታዛለህ፣ እሱ ይሄዳል። እንደኛው ያለው ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ግን ኢምፒዳንስ፣ የመስመሩ እንቅፋት፣ ወደቀነሰበት ነው የሚያደላው፣ አንተን አይጠይቅም። ያን ሌሊት የነበረኝ መቆጣጠሪያ አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱንም አልቻልኩበትም።

ሎግ ቡኩ ላይ "የስልክ ጥራት ችግር" ብዬ ጻፍኩ። ድምፁ እንደ ጎረቤት ነበር የሚሰማው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ሰብስቴሽን ደወልኩ። ገና "ብሬከሩን ኦፕን" ከማለቴ ከወዲያ ሳቅ ሰማሁ።

"የክፈተው ልጅ ነህ አይደል?"