ከአሜሪካ ያመጣሁት ሞተር

እታለም ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ በተከራየችው ቤት ባልትና ታዘጋጃለች። ለመሄጃዬ የሚሆነውን ገንዘብ ያወጣችውም ከዚሁ በርበሬ ነው። የመፍጫዋ ሞተር መቃጠሉን ሜሪላንድ ሆኜ በስልክ ስሰማ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ «አትጨነቂ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። አሥራ አራት ዓመት የሕንጻ ሞተር ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ይህን ያህል ካላደረግሁላት ምን ልሠራ ነው?

የተቃጠለው ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ ነበር። «አንዱ መስመር ጠፍቶ ነው» ስትለኝ ነጠላ ፌዝ ቢሆን ይህ አይደርስባትም ብዬ 230 ቮልት የሚል ባለ ካፓሲተር ሞተር ገዛሁ። አንዱን የ23 ኪሎ ሻንጣ እርሱ ብቻ ሞላው።

የአገራችን መብራት 220 ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ መስሎኝ በማግስቱ ገጠምኩት። ሲነሣ እታለም እልል አለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግን ብረቱ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ የቫርኒሽ ሽታ የበርበሬውን ሽታ ሸፈነው። አጠፋሁት። «መንገድ አድክሞት ይሆናል» ብላ አጽናናችኝ፤ ከሁሉም ያመመኝ ይህ ነው።

በልጅነቴ የሞተር ጥቅለላ (የተቃጠለውን የመዳብ ሽቦ በአዲስ መተካት) ያስተማሩኝ ጋሼ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። የቀድሞው ሱቃቸው የለም፤ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ መርካቶ ተዛውረዋል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ታርጋ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። «ልጄ፣ ቮልቱን አይተህ ሄርዙን ዘለልከው።»

እውነት ነው። ሄርዝ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ አሜሪካ 60፣ እኛ ጋ 50። 230 ለ60 ሲካፈል 3.8 ይሆናል፤ 220 ለ50 ደግሞ 4.4። ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል ቁጥሩ ከፍ ካለ የውስጡ ብረት ከተሠራለት በላይ ማግኔት ይሸከማል፤ ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር እንኳ አምፔሩ ከፍ ይላል፣ ትርፉ ሙቀት ነው። ጋሼ በዚህ አልበቃቸውም። ጫና እንዲያርፍበት ጣውላ ፑሊው (ቀበቶ የሚይዘው መዘውር) ላይ አስደግፈው እንዳስነሣው አዘዙኝና ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ጠቅ ሲል ሰማህ?»

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ማስነሻውን ጥቅል የሚቆርጥ ማብሪያ ውስጡ አለ። የኔው በደቂቃ 1,725 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ በ50 ሄርዝ 1,500 እንኳ አይደርስም። ጫና ሲያርፍበት ማብሪያው ሳይላቀቅ ይቀራል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራው ቀጭን ጥቅል እዚያው ይነድዳል።

ከዚያ የተቃጠለውን የእታለምን ሞተር ፈታነው። ሁለቱ ጥቅሎች እንደ ከሰል ጠቁረዋል፤ ሦስተኛው መዳቡ እንደ አዲስ ያበራል። ስታር የታሰረ፣ ማለትም የሦስቱ ጥቅሎች አንድ አንድ ጫፍ በአንድነት የተያያዘበት ሞተር አንድ ፌዝ ሲጎድለው እንዲህ ይቃጠላል። ጥፋቱ ከሦስት ፌዝነቱ አልነበረም፤ 3.5 አምፔር ለሚስብ ሞተር ከ7 በታች የማይወርድ ኦቨርሎድ (አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ) ነበር የተገጠመለት። እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ ይህን ሳልጠይቅ ሞተር ገዛሁ።

ጋሼ በሦስት ቀን ጠቅልለው ሰጡኝ። የሦስቱን ጥቅል ኦም በቴስተር ለካሁ፤ እኩል ነው። ሜገር በሚባለው የ500 ቮልት መፈተኛ ጥቅሉ ከሞተሩ አካል ጋር አለመነካካቱን አረጋገጥኩ። ታርጋው 220/380 ስለሚል በሁለት ፌዝ መካከል ላለው ለእኛ 380 ስታር ነው የሚታሰረው፤ ከስድስቱ ጫፎች ሦስቱን በአንድ ላሜራ አያያዝኩ። ዴልታ፣ ማለትም ጥቅሎቹን ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን አያይዤ ባስረው በማግስቱ ሌላ ከሰል ይሆናል። ሳስነሣው ወደ ኋላ ዞረ፤ ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ፣ ተስተካከለ። በርበሬ ገብቶበት ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው ክላምፕ ሜትር በሦስቱም መስመር 3 አምፔር ገደማ አሳየኝ።

አዲሱን ኦቨርሎድ 3.5 ላይ አድርጌ፣ እየፈጨ ሳለ ሆን ብዬ አንዱን ፌዝ አቋረጥኩ። ሞተሩ ድምፁ ጎረነነ፤ እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ኦቨርሎዱ ጠቅ ብሎ ቆረጠው። እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ያለ ብቻ ነው።

«ተበላሸ?» አለች።

«አይ እታለም፣ ዳነ።»

«እንግዲያ አስነሣው፤ ሰው በር ላይ እየጠበቀኝ ነው።»