በቆሎን ቆርጠን ቆሎ ያደረግን ቀን

ስልኩን ያነሳሁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከወዲያ ማዶ ያሉት ሴትዮ ሰላምታም አላስቀደሙም።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የጠየቅኩት የበቆሎ ዋጋ ነው። እናንተ የላካችሁልኝ የቆሎ ነው። በቆሎና ቆሎ የሚምታታበት ምን ዓይነት ሰው ነው እዚያ የተቀመጠው?»

የተቀመጠው ሰው አልነበረም፤ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙን ያሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ የምሠራው የእህልና የቅመማ ቅመም ዋጋ በአጭር የስልክ መልእክት በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር። ነጋዴው በአማርኛ ጽፎ ይጠይቃል። ሲስተሙ የእህሉን ስም ለይቶ የዕለቱን ዋጋ ይመልሳል። ኮዱን የሚጽፈው ቱርክ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። የአማርኛው ጉዳይ ደግሞ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ቋንቋ ነው የተማርኩት፤ ለዓመታትም የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን ነገር ቀላል ይመስል ነበር። ሰው «ጤፍ» ብቻ ብሎ አይጽፍም። «የጤፍ ዋጋ»፣ «ለጤፍ ስንት ይጠራል»፣ «ከጤፉ ምን ያህል ቀረ» እያለ ነው የሚጽፈው። ለእኛ ሁሉም ያው ጤፍ ነው። ለኮምፒውተር ግን «ጤፍ» እና «የጤፍ» የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። ልጁ ምን ላድርግ ሲለኝ ወረቀት አወጣሁና የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ፣ ወደ ብዬ ጻፍኩለት። «እነዚህ ከፊት ከመጡ ቁረጣቸው» አልኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀም።

በጤፍ ሞከርነው፣ ሠራ። በስንዴ፣ በገብስ፣ በምስር፣ በሽንብራ ሞከርነው፣ ሠራ። አሁን ሳስበው ከሞከርናቸው እህሎች መካከል ስሙ በ«በ» ወይም በ«ከ» ወይም በ«ለ» የሚጀምር አንድም አልነበረም። ያኔ ግን አላየሁትም። አገልግሎቱን ከፈትነው።

ሴትዮዋ «የበቆሎ ዋጋ» ብለው ሲልኩ ፕሮግራሙ መጀመሪያ «የ»ን ቆረጠ። ልክ ነው። ቀሪው «በቆሎ» ሆነ። እንደገና ሲያይ ፊት ለፊት «በ» ቆማለች። እሷንም ቆረጠ። «ቆሎ» ቀረ። ዝርዝራችን ውስጥ የተዘጋጀ ቆሎም ስለነበረ የቆሎው ዋጋ በኩንታል ተሰልቶ ተላከላቸው።

ሌሎቹንም ስንፈትሽ ጉዱ ብዙ ነው። በርበሬ «ርበሬ» ሆኗል። ለውዝ «ውዝ» ሆኗል። በሶ «ሶ» ብቻ ቀርቷል። ከሰልም «ሰል» ተብሏል። እነዚህ ግን «አልተገኘም» የሚል መልስ ስለሚያመጡ ማንንም አላሳሳቱም። በቆሎ ብቻ ነው ተቆርጦ የቀረው ራሱ ቃል ሆኖ፣ ቃሉም ዋጋ ኖሮት የተገኘው።

በማግስቱ ሴትዮዋን ለማግኘት እህል በረንዳ ሄድኩ። በስልክ ይቅርታ ብዬ መቅረት አልሆነልኝም። ከሱቃቸው ደጃፍ በተደረደሩ ኬሻዎች ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ረጋ ብለው ነገሩኝ። አንድ ገዢ መጥቶ ነበር። መልእክቱ ላይ ያዩት ዋጋ ከፍ ያለ ስለነበረ «ገበያው ጨምሯል» ብለው በገዢው ዋጋ አልሸጥም አሉ። ሰውየው ወደ ጎረቤት ሱቅ አለፈና የሚፈልገውን ጭኖ ሄደ።

«ገንዘቡስ ይመጣል» አሉኝ። «ደንበኛዬ ግን የሌለ ዋጋ የጠራሁበት መሰለው።»

ከዚያ ከኬሻው አንድ እፍኝ በቆሎ ዘገኑና መዳፌ ላይ አፈሰሱት።

«ይኼን በቆሎ ይሉታል። ያቺ ‹በ› ያላችኋት ልብሱ አይደለችም። ሥጋው ናት።»

የቋንቋ ትምህርት ቤት ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ያህል ያስተማረችኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ተማሪ ሳለሁ ምዕላድ ማለት ትርጉም ያለው የመጨረሻው ትንሽ የቋንቋ ክፍል ነው ብዬ በቃሌ ይዣለሁ። ከዚያ በታች ከከፈልከው ድምፅ ብቻ ነው የሚቀርህ። «በቤት» ውስጥ ያለችው «በ» ምዕላድ ናት፤ የት እንደሆነ ትናገራለች፣ ብትነሳ ቤቱ ቤት ሆኖ ይቀራል። «በቆሎ» ውስጥ ያለችው «በ» ግን ብቻዋን ምንም አትልም። ሁለቱ ሲጻፉ አንድ ናቸው። ሲሠሩ ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ይህን አውቀው ነበር፤ ለልጁ የሰጠሁት ዝርዝር ላይ ግን የጻፍኩት ፊደሎችን ነው።

ቢሮ ስመለስ ልጁን አስቀመጥኩትና ከወረቀት ላይ ሥራ ጀመርን። ቃላቱን በትልልቁ ጽፌ መቀስ ሰጠሁት። «ትርጉም ያለው ክፍል ሁሉ ለየብቻው እንዲሆን አድርገህ ቁረጥ» አልኩት። «ከቤት» ሰጠሁት። «ከ» እና «ቤት» ብሎ ቆረጠ። «እንደሰው» ሰጠሁት፤ «እንደ» እና «ሰው»። ቀጥሎ «ቤቶች» ሰጠሁት። መቀሱ ቆመ።

«ቤት አንድ ነው» አለ። «ብዙ መሆኑን የሚናገረው ‹ኦች› ነው። ግን የቱ ጋ ልቁረጠው?»

በእርግጥም የሚቆረጥበት ቦታ የለም። የ«ቤት» መጨረሻ «ት» ነው። የ«ኦች» መጀመሪያ «ኦ» ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «ቶ» ሆኑ። መገጣጠሚያው ያለው ፊደሏ ውስጥ ነው። መቀስ «ቶ»ን ለሁለት መክፈል አለበት፤ ግማሿ የቤቱ ነው፣ አናቷ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ደግሞ የ«ኦች» ናት። ልጁ ወረቀቱን አዙሮ አዙሮ አየው።

ቱርክኛ ተምሮ ስለመጣ ነገሩ ለምን እንዳሳሳተው ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ራሱ ነው ሰሌዳው ላይ የጻፈልኝ። ቤት በቱርክኛ «ኤቭ» ነው። ቤቶች «ኤቭሌር»። ቤቶቻችን «ኤቭሌሪሚዝ»። ከቤቶቻችን «ኤቭሌሪሚዝዴን»። ቁርጥራጮቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ከኋላ ከኋላ ይቀጠላሉ፤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉም አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር በዓይን ይታያል። የእኛው «ከቤቶቻችን» ያንኑ ትርጉም በአራት ክፍል ይሠራል፦ ከ፣ ቤት፣ ኦች፣ ኣችን። ግን አንዱ ከፊት ነው፣ ሁለቱ ከኋላ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ፊደል ውስጥ ቀልጠው ገብተዋል። «ት» እና «ኦ» «ቶ» ሲሆኑ፣ «ች» እና «ኣ» «ቻ» ሆነዋል።

ደስ ያለኝ ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ የፊደሎቹን ቁጥር ከፈተ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹ የተደረደሩት ልክ ልጅ ሆነን ገበታ ላይ እንደቆጠርነው ነው፦ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት፣ ቶ፣ ከዚያ ስምንተኛዋ ቷ። በቅደም ተከተል፣ ሳይዘል።

«ሳብዕን አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ብመልሰው ሳድስ ይሆናል» አለ። ጻፈው። «ቤቶች» ሲገባ «ች» ወጣች፣ «ቶ» አንድ ወደ ኋላ ሄዳ «ት» ሆነች፣ «ቤት» ስክሪኑ ላይ መጣ። «በጎች» ብለን አስገባን፤ «ግ» ተመለሰችና «በግ» ሆነ። «ቤታችን» ሲሆን ደግሞ ከራብዕ ወደ ሳድስ ሁለት ወደፊት ነው። መቀስ ያቃተውን መቁጠር ቻለው። የኔታ ፊት «ሀ ሁ ሂ» እያልን ያዜምነው ተራ ለዚህ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የ«በ»ን ችግር የፈታነው በሌላ መንገድ ነው። ከመቁረጥ በፊት ቃሉ እንዳለ መዝገባችን ውስጥ መኖሩ ይታያል። ካለ አይነካም። ከሌለ አንድ ብቻ ይቆረጣል፣ የቀረው እንደገና ይታያል። «የበቆሎ» መዝገብ ውስጥ የለም፤ «የ» ትነሳለች። «በቆሎ» አለ፤ እዚያ ይቆማል። «በበርበሬ»ም «በርበሬ» ላይ ይቆማል።

ፍጹም አይደለም። አንድ ሰው በእርግጥ ስለ ቆሎ እያወራ «በቆሎ አለፍነው» ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ እህሉን ነው የሚያስበው። ስንናገር እህሉን «ቆ»ን ጠበቅ አድርገን ስለምንጠራው አይምታታም። ጽሑፋችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ የምናውቀው ከዙሪያው ነው። ለዋጋ ጥያቄ ግን ይኼ በቂ ነበር።

ልጁ በዚህ ስለተደሰተ ወደ ግሦቹ ልሂድ አለ። በየገበያው ያሉ መረጃ ሰብሳቢዎቻችን ጠዋት ጠዋት «ጤፍ ዛሬ ገባ»፣ «ምስር ተሸጠ» የሚል መልእክት ይልኩልን ነበር። ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ሲያጋጥም ቆርጦ ግሡን ብቻ ሊያስቀር ነው። አስቆምኩት። ይህን ብናልፈው ኖሮ ከሚመጣው ስህተት አንጻር የበቆሎው ነገር ቀላል ሆኖ ይታየን ነበር።

«አልገባም»ን ውሰዱ። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው ግሡን እንደ ሁለት እጅ ያቅፉታል። ብቻቸውን አይቆሙም፤ አንድ ላይ ግን የለም ይላሉ። እነሱን ቆርጠህ ስትጥል «ገባ» ይቀራል። ጤፍ ያልገባበት ቀን ጤፍ ገባ ተብሎ ለነጋዴው ሁሉ ይበተናል። «የጤፍ» ላይ ያለችው «የ» ብትጠፋ የምንፈልገው ጤፍ አይጠፋም። «አልገባም» ላይ ያሉት ትናንሾቹ ቢጠፉ ግን ወሬው በሙሉ ይገለበጣል። በፊደል ብዛት ብንለካቸው ሁሉም ኢምንት ናቸው፤ በሚሸከሙት ግን አይወዳደሩም።

«ሸጠ» ላይ ስንደርስማ መቀሱንም ቁጥሩንም አስቀመጥነው። ሻጭ፣ ሽያጭ፣ መሸጫ፣ ተሸጠ። ዘመድ መሆናቸውን ማንም ገበያተኛ ያውቃል። ግን «ሻጭ» ውስጥ «ጠ» የለችም። ሠሪውን የሚያመለክተው የ«ኢ» ድምፅ «ጥ» ላይ አርፎ «ጭ» አድርጓት ጠፍቷል። «ወሰደ» «ወሳጅ»፣ «ገዛ» «ገዥ» ሲሆንም ያው ነው። እንዲህ ያለው ቃል ከፊትና ከኋላ አይቀጠልም፤ ተነባቢዎቹ እንደ ድር ቆመው አናባቢዎቹ እንደ ማግ በመካከላቸው ያልፋሉ። ግዕዝም ትግርኛም ዐረብኛም ዕብራይስጥም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚሸመኑት። ለግሦቹ ቆራጭ ኮድ አልጻፍንም። የሚመጡትን ቅርጾች አንድ በአንድ በእጅ መዘገብናቸው። ቀናት ፈጀ፤ አሁንም ቢሆን ልክ የሠራነው ይመስለኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን እኔና ልጁ ስክሪኑ ሥር ተቀምጠን የሚገባውን መልእክት እየተከታተልን ነበር። የሴትዮዋን ቁጥር አየሁት። መልእክታቸው እንዲህ ይላል፦ «የበቆሏችን ዋጋ ስንት ደረሰ»።

«በቆሏችን።» ያልሞከርነው ቅርጽ። «ሎ» እና «ኣችን» ተገናኝተው ስምንተኛዋን፣ «ሏ»ን ወልደዋል። ስንሞክር የነበረው ሁሉ እስከ ሳብዕ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ፕሮግራሙ «የ»ን አነሳ። «ችን»ን ለየ። «በቆሏ» መዝገብ ውስጥ የለም። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ መለሳት፤ «ሎ»።

መልሱ ሄደላቸው፦ በቆሎ፣ በኩንታል፣ ከዕለቱ ዋጋ ጋር።