የጅማን ጭጋግ ከፎቶ ላይ የገፋሁበት መንገድ

ክረምት ላይ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ጅማን ፎቶ ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከጫካው ጉም ይነሳል፤ ሰማዩም በደመና ስለሚሸፈን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣና ጥላ የሚባል ይጠፋል። ዓይን ዛፍን ከዛፍ፣ ጣሪያን ከጣሪያ ለይቶ ያያል። ካሜራው የሚሰጠው ግን ግራጫ የለበሰ ምስል ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና ከበታቹ የተዘረጋውን ከተማ ለአንድ ሆቴል ግድግዳ በትልቁ ለማሳተም ጊምፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሳዘጋጅ አንድ ነገር ተረዳሁ፦ ጭጋጉን የሚገፋውና የእንጨቱን ጌጥ የሚያወጣው መሣሪያ አንድ ነው።

መሣሪያው አንሻርፕ ማስክ ይባላል። በፊልም ዘመን በጨለማ ክፍል ይሠራ የነበረ ዘዴ ነው፤ የደበዘዘ ግልባጭ ከዋናው ኔጋቲቭ ጋር ተደርቦ ይታተም ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ የፎቶውን የደበዘዘ ቅጂ ራሱ ይሠራል፣ ከዋናው ጋር ያነጻጽራል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትም ያጎላል። ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው አማውንት ነው። ሬዲየስ ድብዘዛው የሚሰፋበትን ርቀት በፒክስል (ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይወስናል፤ ትሬሽሆልድ ደግሞ ጥቃቅን ልዩነቶች ሳይነኩ እንዲታለፉ ያደርጋል።

ሁሉ ነገር ያለው ሬዲየሱ ላይ ነው። ወደ 1 ሲጠጋ የጠርዝ ጨለማው ወገን በቀጭኑ ይበልጥ ይጨልማል፣ ብሩሁ ይበልጥ ይበራል፤ ዓይናችንም ምስሉ ጠራ ብሎ ይቀበለዋል። ወደ 50 ሲወጣ ጠርዝን ትቶ ሰፋፊ ቦታዎችን ይለያል፤ የዛፎቹን ክምችት ከጉሙ፣ ጣሪያውን ከግድግዳው። አጠቃላይ ኮንትራስት (የብሩሁና የጨለማው ልዩነት) ሲጨመር የብሩሁ ሰማይና የጨለማው ጥላ ዝርዝር አብሮ ይጠፋል። ሰፊው ሬዲየስ ግን እያንዳንዱን ቦታ ከአካባቢው ጋር ብቻ ስለሚያነጻጽር ለጅማ ክረምት ከእርሱ የተሻለ አላውቅም።

በቅድሚያ ፎቶውን በሁለተኛ ሌየር፣ ማለትም ከዋናው በላይ በሚደረብ ንብርብር፣ ቀዳሁት፤ ከዚያም ሬዲየሱን 50፣ አማውንቱን 0.2፣ ትሬሽሆልዱን 0 አደረግሁ። ሌየሩ ብሩህነትን ብቻ እንዲነካ ማድረግ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይጋነናል። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና ፎቶ ያለው ሰው ይህን ቶሎ ያየዋል። ኮረብታው ከሰማይ በሚገናኝበት መስመር ላይ ነጣ ያለ ቀለበት ስለወጣ ለውጡ እዚያ እንዳይታይ ያንን ቦታ በሌየር ማስክ (የሌየሩን ከፊል በሚደብቅ መሸፈኛ) ሸፈንኩት። ቀለበቱ የታየበት ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ ያላለቀ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ፎቶው ይፈልግ የነበረው ቀጭኑ ማጥራት ካሰብኩት በጣም አነሰ። ሬዲየሱን 1፣ አማውንቱን 0.8 አድርጌ የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ሰገነት ብቻ በብሩሽ መረጥኩ፤ ሰማዩን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ተውኩት፤ ሰማይ ላይ የሚጠራ ነገር የለም፣ የሚጎላው ካሜራው በምስሉ ላይ የሚተወው ነቁጥ ብቻ ነው። ውጤቱን የመዘንኩት ምስሉን በ100 በመቶ ከፍቼ ነው፤ በስክሪን ላይ አንሶ የሚታይ ምስል አያስተማምንም።

የሰው ፊት ሲሆን ሰፊውን ሬዲየስ ጨርሶ አልጠቀምበትም። ቡና የሚለቅሙ እናትን ፊት ከዕድሜያቸው በላይ ያስረጀዋል፣ ይህን የማድረግ መብት ያለን አይመስለኝም። ዓይናቸውንና እጃቸውን በቀጭኑ ማጥራት ይበቃል።

ለሕትመት ሲሆን ደግሞ ቀለም በወረቀት ላይ ትንሽ ስለሚሰራጭ በስክሪን ላይ ልክ ከሚመስለው ጥቂት ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰገነቱን ቁራጭ በእውነተኛው መጠን አሳትሜ ሊሰቀል የታሰበበት ግድግዳ ላይ አደረግሁትና ሰው ከሚቆምበት ርቀት አየሁት። የእንጨቱ ጌጥ መስመር አሁንም ለስላሳ ስለነበር አማውንቱን ከ0.8 ወደ 1.1 አሳድጌ ሙሉውን ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ። ለስልክ የሚሆነውን ቅጂ ግን ከዚህ አላወጣሁትም፤ ካልጠራው ፋይል መጠኑን አሳንሼ በመጨረሻ በሬዲየስ 0.5 ብቻ አጠራሁት።