ቀስ ብሎ መሮጥ አቃተኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት

ዛሬ 50 ደቂቃ ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ ነው እንግዲህ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ከምናምን፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ዱብ ዱብ።

አምና ታላቁ ሩጫ ላይ የሆንኩትን አልረሳም። ከመስቀል አደባባይ ሲለቀቅ ከጎረምሶቹ ጋር ተፈተለኩ። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የቀረውን እየሄድኩ ጨረስኩት። ልምምድ አንሶኝ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሮጫለሁ። ለካ ችግሩም እሱ ነው።

የነገረችኝ እኛ ሰፈር ያለች ወጣት አትሌት ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በየቀኑ ውድድር ነው የሚሮጡት» አለችኝ። እሷ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ጠበቅ ታደርጋለች፤ ሌላው ቀን ቀላል ነው። ጫካ ውስጥ አትሌቶቹ በአንድ ረድፍ ተከታትለው በዛፎቹ መሀል ሲጠማዘዙ አይቻለሁ። አንዳንዴ እርምጃቸው ከኔ ብዙም አይፈጥንም። እየቀለዱ ይመስለኝ ነበር።

ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲሮጡ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል። ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ስብና ስኳርን በኦክስጅን አቃጥለው ጉልበት የሚያወጡት ማይቶኮንድሪያዎችም ይበረክታሉ። የሳምንታትና የወራት ሥራ ነው። በየቀኑ የሚንገበገብ ሰው ግን ሳያገግም ድካም ይደርብበታል። ጠንካራ መሆን ያለበት ቀን ሲመጣ እግሩ ባዶ ነው።

ልኩ በምን ይታወቃል? ሰዓቴ ከ220 ላይ ዕድሜዬን ቀንሶ የልብ ምቴን ጣሪያ ይነግረኛል። ስሌቱ ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ አንድ ሰው ላይ በ10 ምት፣ ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የልጅቷ መለኪያ ይሻላል፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ወሬው እንዳይቋረጥ ብዙ መቀነስ አለብኝ። ሳንባዬ ይስማማል፤ ኩራቴ ነው እምቢ የሚለው። ሰው ሲያልፈኝ እግሬ ሳላዘው ይፈጥናል።

ሰኔ ላይ ከአልጋዬ ሳልነሳ ስለካው ልቤ በደቂቃ 72 ጊዜ ይመታ ነበር። ዛሬ ጠዋት 63።

ዳገቱን ስያያዘው ገመድ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ለእንጨት የሚወጡ እናት ከኋላዬ ደርሰው በእርምጃ አለፉኝ። ትንሽ ራቅ ብለው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ፣ ለኅዳሩ ሩጫ እየተለማመድኩ ነው» አልኳቸው። ሳላለከልክ፣ በአንድ ትንፋሽ።