የማሽላ መርዝ መመርመሪያ ወሎ ላይ ስሠራ

ሻጋታን ዓይን ያየዋል፤ እህሉን ታበጥረዋለህ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ። አፍላቶክሲን ግን አይታይም፣ አይሸትም። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ላሚቱ የተበከለ መኖ ከበላች ደግሞ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ናኖቴክኖሎጂ ተምሬ ወሎ ስመጣ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አልታየኝም።

የመመርመሪያ ወረቀቱን መስመር የሚያቀላው ወርቅ ነው፤ የጀመርኩትም በእሱ ነው። ወርቅ 20 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ያህል ሲደቅ ቢጫነቱ ይጠፋና ይቀላል። አሠራሩን ኬሚስቱ ጆን ተርከቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት ነው። የወርቅ ጨው የሟሟበትን ውኃ ታፈላና ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ኬሚካል ትጨምራለህ። ፈዛዛው ቢጫ ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ቀይ ወይን ይቀላል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የተጻፈውን ደቂቃ ትቼ ቀለሙን መጠበቅ ለመድኩ። ብርጭቆው በደንብ ካልታጠበ ወይም ውኃው ጨው ካለበት ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፤ ቀዩም ወደ ሰማያዊ ይዞራል።

የወርቅ ቅንጣቶቹን አንቲቦዲ (መርዙን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) አልብሼ ወረቀት ላይ አደረቅኋቸው። አፍላቶክሲን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ሁለት አንቲቦዲ ባንዴ ሊይዘው አይችልም። በዚህ የተነሳ ነገሩ ይገለበጣል፦ መርዝ ካለ የምርመራው መስመር ይጠፋል፣ ከሌለ ይቀላል። ሁለተኛው መስመር ወረቀቱ መሥራቱን ብቻ የሚያሳይ ነው፤ መርዝ ኖረም አልኖረም ይቀላል።

ሰኞ ባቲ ገበያ ወስጄ ማሽላ ለሚሸጡ እናት አሳየሁ። ሁለቱም መስመሮች ደምቀው ወጡ፤ እህሉ ንጹሕ ነው። የእሳቸው ፊት ግን ጠቆረ። «ልጄ፣ ልጥለው ነው እንግዲህ?» አሉኝ። ጤና ኬላ የወባ ምርመራ ላይ ሁለት መስመር ማለት ወባ ተገኘ ማለት ነዋ! እሳቸው የሚያውቁትን ነው ያነበቡት። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ መስመር ጎን የማሽላ ዛላ፣ ከአንዱ ጎን ደግሞ የተሰረዘ ዛላ እሥላለሁ። መሣሪያው የሚያልቀው ተጠቃሚው እጅ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ናሙና ነው። መርዙ እህሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ከአንድ ጆንያ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ሊበከሉ ይችላሉ። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ «ንጹሕ ነው» ማለት ሰውን ማታለል ነው። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አውጥቼ፣ ደባልቄ፣ ከፈጨሁ በኋላ ነው የምመረምረው። አሰልቺ ነው፣ ግን ምንም አቋራጭ የለውም። ለማሳጠር የሚጠይቁኝን ሁሉ እምቢ እላለሁ።

የቆላው ሙቀትና እርጥበት አንቲቦዲን ይጎዳሉ። ወረቀቱን እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር አሽጌ ነው የማስቀምጠው።

አሁን የያዘኝ መርዙን ከተፈጨው እህል የሚያወጣው ማሟሟቻ ነው። አፍላቶክሲንን ውኃ ብቻውን በደንብ አያወጣውም፤ የተለመደው ሜታኖል የሚባለው አልኮል ነው። እሱ ደግሞ ቢጠጡት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ልጆች ባሉበት ቤት ሜታኖል አላስቀምጥም። መጠጥ ውስጥ ባለው አልኮል፣ በኢታኖል፣ እየሞከርኩ ነው።