«ሳባ» ብዬ ቀርጬ «ቦሶ» ወጣ

መጀመሪያ የቀረጽኩት ስም «ሳባ» ነበር። ለልምምድ ነው፣ አጭር ስለሆነ። ላጲስ ላይ ደብተር ላይ እንደምጽፈው አድርጌ በምላጭ ቀረጽኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ ወረቀት ላይ ተጫንኩት፣ ሳነሳው «ቦሶ» ይላል። ሳ ቀኝ እግሩ ረጅም ነው፤ ሲገለበጥ ሶ ይሆናል። ባም ቦ። አሁን ስሙን ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ እጽፍና በፊቱ ደፍቼ በጥፍሬ አሸዋለሁ። እርሳሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ነው የምቀርጸው።

የምሠራው የመጽሐፍ መለያ ነው። ፈረንጆች «ኤክስ ሊብሪስ» ይሉታል። ከሽፋኑ ውስጥ በኩል የሚለጠፍ፣ የባለቤቱ ስምና አንድ ሥዕል ያለበት ትንሽ ወረቀት። መጀመሪያ ያየሁት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ በገዛሁት አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛ አላነብም፤ መጽሐፉን የገዛሁት ለዚያች ወረቀት ስል ነው።

ያስተማረኝ ሰው የለም። መቅረጫ የሚሸጥ ሱቅ ድሬ ውስጥ ስላላገኘሁ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ያንን ጎድጎድ ያለውን፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ስዬ የእንጨት እጀታ አበጀሁለት። አቦ፣ እንዴት እንደሚቆርጥ! ለትልቅ ሥዕል ላጲስ ስለማይበቃኝ የጫማ ሶል እጠቀማለሁ። ማተሚያዬ የማንኪያ ጀርባ ነው። ማጣበቂያው ደግሞ በስሱ ተበጥብጦ የበሰለ የፉርኖ ዱቄት። «ኮላ አይሻልም?» ይሉኛል። አይሻልም! ኮላ አንዴ ከደረቀ ወረቀቱን ሳይቀድ አይለቅም፣ የዱቄቱ ግን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይላቀቃል። መጽሐፉ ከእኔ ሥራ ይበልጣል።

«የፈረንጅ ነገር» ሲሉኝ ይከፋኛል። የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» እያለ የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን የሚገዝት ጽሑፍ አለ። የሐረር የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ላይም ወቅፍ መሆናቸው ተጽፎ ይገኛል፤ የሚሸጡ የሚለወጡ አይደሉም፣ ለአንባቢ የተሰጡ ናቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ ለወዳጁ ለፒርክሃይመር በሠራው መለያ ላይ በላቲን «ለራሱና ለወዳጆቹ» የሚል አለ። ከግዝቱ ይልቅ ይሄኛውና ወቅፉ ለልቤ ይቀርባሉ፤ መጽሐፍ ሲዋሱኝ የማይመልሱልኝ ብዙ ቢሆኑም።

ባለፈው ወር ከሐረር አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ደወሉልኝ። ለመጽሐፎቻቸው ሁሉ ፈለጉ።

«ጋሼ፣ ስምዎን በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በአረብኛ?»

«ስሜን ተወው ልጄ። አርጎ በሪን ሣልልኝ፣ የሰፈሬ የጀጎል ግንብ በር ነው። ከሥሩ ‹አንብበህ አሳልፍ› በልበት።»

ትናንት ማታ በሩን ጨረስኩ። የግንቡ ድንጋይ ብቻ ሁለት ምሽት ፈጀ። ዛሬ ጽሑፉን ጀምሬያለሁ፣ «አሳልፍ» ውስጥ ያቺ ሳ አለች፣ ከመቁረጤ በፊት ሦስቴ መስታወት ፊት ይዣት ቆምኩ።