ጠብታ የሚቆጥር ሶፍትዌር፦ ያመለጡኝ 7 ሚሊ ሰከንዶች

የሠራሁት ግሉኮስ ሲንጠባጠብ የሚቆጥርና ፍሰቱ ሲዛባ የሚጮህ መሣሪያ ነው። ፍሰቱን አይቆጣጠርም፤ አይቶ ይናገራል እንጂ። ኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ዓይን የማያየውን ጨረር የሚለቅ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ ጨረሩን የሚቀበል ፎቶዳዮድ፣ ትንሽ ኦሌድ ስክሪን፣ የሚጮህ ባዘር፤ በቃ። ጠብታዋ በኤልኢዲውና በፎቶዳዮዱ መካከል ስታልፍ ጨረሩን ትጋርዳለች፤ የሚቆጠረው ይሄ ነው። ታካሚ ላይ አልዋለም፤ የተፈተነው ጠረጴዛ ላይ፣ በውኃ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ሲሰጥ በሰዓት 125 ሚሊ ነው። ሴቱ (ግሉኮሱ የሚንጠባጠብበት ቱቦ) ለአንድ ሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 42 ገደማ፣ ማለትም በየ1.44 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ለማይክሮኮንትሮለር ይሄማ እንቅልፍ ነው ብዬ ሁሉንም አንድ ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም ኮድ) ውስጥ ከተትኩት፦ ሴንሰር ማንበብ፣ መቁጠር፣ ስክሪን ማደስ። ስክሪኑ በሰከንድ አንዴ ሲታደስ ከመቶ ጠብታ ስምንት ዘጠኙ ይጠፋ ጀመር።

ያሰላሁት በጠብታዎች መካከል ያለውን ጊዜ ነበር፤ ማስላት የነበረብኝ ግን አንዷ ጠብታ ጨረሩ ፊት የምትቆይበትን ነው። 0.05 ሚሊ ሊትር ጠብታ ስፋቷ 4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ወድቃ ጨረሩ ጋ ስትደርስ በሰከንድ 0.63 ሜትር ትሄዳለች፤ ስለዚህ የምትጋርደው ለ7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ለአንድ ሚሊ 60 ጠብታ የሚሰጠው ሴት ወደ 5 ያወርደዋል። ስክሪኑ ደግሞ በአይቱሲ (ቺፖች ዳታ በሚለዋወጡበት) መስመር፣ በ100 ኪሎ ኸርዝ፣ 1024 ባይት ለመቀበል 92 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መስመሩን ወደ 400 ብናፈጥነው 23 ይሆናል፤ አሁንም ጠብታዋ ሹልክ ብላ ታልፋለች።

ስለዚህ ንባቡን ከሉፑ አውጥቼ በየሚሊ ሰከንዱ ለሚነሳ የታይመር ኢንተራፕት (ሉፑን ለአፍታ አቋርጦ ለሚሠራ ኮድ) ሰጠሁት። እዚያ ውስጥ የሚደረገው ማንበብ፣ ከገደቡ ጋር ማነጻጸርና መቁጠር ብቻ ነው። አንዷ ከተቆጠረች በኋላ ለ50 ሚሊ ሰከንድ የሚመጣውን ችላ ይላል፤ አለበለዚያ ከታች የሚረጨው ፈሳሽ ሁለተኛ ጠብታ ሆኖ ይቆጠራል።

ደሴ ላይ፣ ጭጋጋማ ቀን፣ በደንብ ይሠራ የነበረው ኮምቦልቻ ወርዶ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ታወረ። ፀሐይም ኢንፍራሬድ አላት። ኤልኢዲውን አብርቶ ማንበብ፣ አጥፍቶ ማንበብ፣ ከዚያ መቀነስ ይቻላል፤ ኢንተራፕቱም በየ0.5 ሚሊ ሰከንዱ ሆነ። ግን ፎቶዳዮዱ በፀሐይ ከጠገበ ሁለቱ ንባቦች እኩል ስለሚሆኑ የሚቀነስ ነገር የለም። መጀመሪያ ጥቁር ሽፋን፣ ቀጥሎ የፎቶዳዮዱን ሬዚስተር ማሳነስ፤ ኮዱ ሦስተኛ ነው። እኔ ከኮዱ ጀምሬ ቀናት አባከንኩ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ጸጥተኛ ነበር። ፍጥነቱን የማሰላው ጠብታ በመጣች ቁጥር ነው። የሴቱ ቱቦ ሲታጠፍ ጠብታ የለም፣ ጠብታ ከሌለ ስሌት የለም፣ ስክሪኑ ላይ 42 እንደተገተረ ይቀራል። ከበሩ ሆኖ ለሚያይ ነርስ ሁሉ ሰላም ነው! አሁን ሉፑ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ከመጨረሻዋ ጠብታ ወዲህ ስንት እንዳለፈ ያያል፤ ከሚጠበቀው ሦስት እጥፍ ካለፈ ይጮኻል። ተቃራኒውም አለ፦ መቆጣጠሪያው ጎማ ጨርሶ ሲለቀቅ ጠብታው ክር ሆኖ ይወርድና ጨረሩ እንደተጋረደ ይቀራል፤ ቆጣሪው «ቆሟል» ይላል። ስለዚህ ክፍት ሆኖ የቆየ ጨረርና ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የተጋረደ ጨረር የተለያየ ማስጠንቀቂያ አላቸው። ሁለተኛው ጤዛም ሊሆን ይችላል፤ ይጩህ።

ዋችዶጉን (በጊዜው ካልታደሰ መሣሪያውን ዳግም የሚያስነሳውን ሰዓት ቆጣሪ) ኢንተራፕቱ ውስጥ ማደስም አታላይ ነው። ስክሪኑ የዳታ መስመሩን ይዞ ሲቀር ሉፑ ይቆማል፤ ኢንተራፕቱ ግን ዋችዶጉን እያባበለ ይቀጥላል። አሁን የሚያድሰው ሉፑ ነው፣ ያውም የኢንተራፕቱ ቆጣሪ መጨመሩን ካየ ብቻ። መሣሪያው በዋችዶግ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዳግም ከተነሳ፣ ከዜሮ ዝም ብሎ አይጀምርም፤ አስቀድሞ ይጮኻል።

ሲፈተን 100 ሚሊ በመለኪያ ሲሊንደር መሙላትና 2000 ጠብታ መጠበቅ ያጓጓል። ሴቱ ራሱ ግን እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ የተፈቀደለት ነው፤ በሲሊንደር የሚለካው ሴቱ ይሁን ኮዱ አይለይም። ጠብታው የሚወርድበትን ቱቦ በስልክ ቀርጾ፣ ቪዲዮውን አዘግይቶ፣ ጠብታ በጠብታ ከቆጣሪው ጋር ማመሳከር ይሻላል።